«ላሳርፋት» ብለህ አትውሰዳት

ልጄ፣ አረፍ በልና ስማኝ። ለፋይዳ መታወቂያ «አባባ፣ መቼ ተወለዱ?» ስትለኝ «በሉቃስ» አልኩህና ሳቅህ። እናቴ የነገረችኝ ይህንኑ ነው፤ ዘመኑ ሉቃስ፣ ወቅቱ የማሽላ አጨዳ። ሉቃስ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። 1939ም ሉቃስ ነው፣ 1943ም። የቱ እንደሆነ የሚያውቁት ሁሉ አፈር ለብሰዋል።

እኛ ዕድሜ የምንቆጥረው እጃችን ላይ ባለው ሥራ ነበር። መጀመሪያ ማማ ላይ ወጥተህ በወንጭፍ ወፍ ትጠብቃለህ፤ ከዚያ ጥጃ፣ ከዚያ ፍየል፣ ከዚያ ከብት። ዕርፍ የጨበጥክ ዕለት ጎረምሳ ነህ፣ ወጣት የነብር ጣት። ዕርፉን ለአባትህ ከለቀቅሁ ስንት ክረምት ሆነኝ፤ ማሽላው ሲያሽት ግን ተመልሼ ማማው ላይ ነኝ። መሰላሉ ረዘመብኝ እንጂ ወፎቹ ያው ናቸው።

«ድሮ ሰው በአርባ ዓመቱ ያልቅ ነበር» ያልከኝን ግን አልቀበልህም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! ያልቅ የነበረው ሕፃኑ ነው። እናቴ ከወለደቻቸው ዘጠኝ ልጆች አምስቱ ክርስትና ተነሥተው ዓመት ሳይሞላቸው ሄዱ፤ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ለእኛ ለሊማሊሞ ግርጌ ሰዎች ደግሞ ወባ። ያንን ያለፈ ብዙ ጊዜ ሽበቱን ያይ ነበር። አንተው ያነበብክልኝን እንኳ ተመልከት፤ በአገራችን በ1992ቱ ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በ2008ቱ ግን 67። አማካዩን ወደ ታች የሚጎትቱት እነዚያ ትናንሽ መቃብሮች ናቸው። በታንዛኒያ እያደኑና ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩትን ሃድዛዎችና መሰሎቻቸውን ይዘው ጉርቨንና ካፕላን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የጻፉትም፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው 70 ዓመት ግድም ነው ይላል።

አሁን ወደ አያትህ ነገር። «ጎንደር ወስጄ ላሳርፋት» ብለሃል፤ ይባርክህ። እርጅና ብቻህን ና ይላል ሰው፤ በሽታውን፣ ማጣቱን፣ ብቸኝነቱን ትተህ ና ማለቱ ነው። አንተ ግን ብቸኝነቱን በሶፋ አድርገህ ልታመጣላት ነው። ሐምሌ 2013 የሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይ ሲደርስ ሊማሊሞን በበቅሎ አውጥተናት ደባርቅ ተጠለልን። እዚያ ያከሳት የምግቡ ማነስ ብቻ እንዳይመስልህ፤ እጇ ሥራ መፍታቱ ነው። የተፈናቃይ አራስ ልጅ ተቀብላ ማዘል ስትጀምር ፊቷ ተመለሰ።

አርሲ ገጠር ጊብሰንና ሜስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያዩትን አንተ ነህ የነገርከኝ፤ አያት፣ በተለይ የእናት እናት፣ ያለችበት ሕፃን የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል፤ ከእናቲቱ ላይ ከባዱን ሥራ ስለምታነሣላት። እንግዲህ ሚስትህ ስትወልድ ውሰዳት። ገንፎውን ታገንፋ፣ ልጁን ትዘል፣ ሚስትህን እሷ ታሳርፋት። ልጁ ድክ ድክ ሲል ግን መልሳት። የማርያም ማኅበሯም እድሯም እዚህ ነው፤ ቀባሪ አያሳጣሽ ብለው የሚመርቋት ጎረቤቶች ጎንደር የሉም።

ቅጹ ላይ 1943 ብለህ ጻፍ። አያትህ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ 1939 ካልክ እሷንም አብረህ ማስረጀትህ ነው፣ ትጣላሃለች።