ዕጣና መድኃኒት

በሕመምተኛ ሥጋ ላይ መድኃኒት መፈተን ይገባልን? ጥያቄው ከባድ ነውና በአንድ ምሳሌ እንመርምረው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።)

ከደም ነቀርሳ ወገን ምክንያቱ ተገልጦ የታወቀ አለ። በ1960 በፊላደልፊያ ከተማ ሁለት ሊቃውንት በሕመምተኞች ደም ውስጥ ያጠረ ክሮሞሶም አገኙ፤ በ1973ም ጃኔት ራውሊ የምትባል ሐኪም 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቍራጭ እንደ ተለዋወጡ ገለጠች። በጣና ገዳማት ካሉት የብራና መጻሕፍት ጠራዥ ተሳስቶ የአንዱን ቅጠል ከሌላው ጋራ ቢሰፋው፥ በሁለቱም ያልነበረ ቃል ይነበባል። በደም ውስጥ የተነበበውም የስሕተት ቃል ያለ ልክ መባዛትን የሚያዝ ነው።

በ2001 የወጣው ኢማቲኒብ የሚባል መድኃኒት ይህን ትእዛዝ አገደ፤ በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በርዳታ ያለ ዋጋ ሲታደል ኖሯል። በዚሁ ስሕተት የሚመጣው ፈጣኑ ነቀርሳ ግን ፊደሉን እንደገና እየለወጠ ከአንድ መድኃኒት ያመልጣል። ስለዚህ ሁለት ማጣመር አስፈለገ፤ አንዱ ትእዛዙን ሲያግድ፥ ሁለተኛው የሰውነትን ጠባቂዎች በበሽታው ላይ ያዘምታል። በኢጣልያ ዳሳቲኒብና ብሊናቱሞማብ ተጣምረው በ63 ሰዎች ተፈተኑ፤ በ2020 በወጣውም ጽሑፍ ከመቶው 95 ያህሉ በ18ኛው ወር በሕይወት እንዳሉ ተነገረ። ነገር ግን ከሁለት ሕክምና የሚበልጠውን በእርግጥ ለማወቅ ሐኪሞች ሕመምተኞችን በዕጣ ይከፍላሉ። ኅሊናን የሚያስጨንቀው ይህ ዕጣ ነው።

ሐዋርያት የይሁዳን ስፍራ ለመሙላት ዕጣ ጣሉ፤ ይኸውም ዮሴፍና ማትያስ ሁለቱም ለሹመቱ የተገቡ መሆናቸውን አይተው፥ ጸልየውም ነው። ዕጣው ምርመራን ተከተለ እንጂ አልተካም። ወታደሮችም በጌታችን ልብስ ላይ ዕጣ ጥለዋል፤ ያ ግን የቅሚያ ዕጣ ነው። እንዲሁም ሐኪም መርምሮ የሚበልጠውን በእውነት ካላወቀ፥ ዕጣው አድልዎን ያስቀራልና ፍትሕ ነው፤ የሚያንሰውን እያወቀ ቢጥል ግን ወንድሙን አሳልፎ ሰጠ።

ሞት የቀረበው ሰው እሺታ ነጻ ነውን የሚል ቢኖር፥ መልሱ እንዲህ ነው፤ ነገሩ በሚሰማው ቋንቋ ተነግሮት፥ እምቢ ቢልም የተለመደው ሕክምና የማይቀርበት እንደ ሆነ ፈቃዱ ፈቃድ ነው።

አንድ ዕዳ ደግሞ ቀርቷል። ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ ለሕክምና አዲስ አበባ ድረስ የሚጓዝ ድኻ፥ በፈተናው ስላልተቈጠረ ከፍሬው ሊጐድል አይገባውም። ኢማቲኒብ ያለ ዋጋ እንደ ታደለ፥ ጥምሩም እንዲታደል ማድረግ የሚቻላቸው ሰዎች ሁሉ ዕዳ ነው። ሁለት የተገቡ በቆሙበት ዕጣ ይጣል፤ በድኻና በባለጸጋ መካከል ግን ዕጣ ጣዩ ገንዘብ አይሁን።