የሁለት ሰው ድል የማን ነው?

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ያለች፣ ፀሐይ የበረታባት ስፍራ ናት። ከዚህ ሆኖ ስለ በረዶ ስፖርት መመራመር እንግዳ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን በረዶ አይፈልግም። ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ሆነው ሲያሸንፉ ድሉ የማን ነው?

ጀርመናውያኑ ቶቢያስ ቬንድል እና ቶቢያስ አርልት በጥንድ ሉዥ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ2018 እና በ2022 በተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስደዋል። በዚህ ስፖርት ሁለቱ ፍሬን በሌላት አንዲት መንሸራተቻ ላይ ተነባብረው፣ በጀርባቸው ተኝተው፣ እግራቸውን አስቀድመው በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳሉ። የላይኛው መንገዱን ያያል። የታችኛውን ግን የባልደረባው አካል ይጋርደዋል።

ታዲያ የታችኛው ከጭነት በምን ይለያል? በእሱ ፋንታ እኩል ክብደት ያለው የአሸዋ ከረጢት ብናስርስ? የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መልሱን እናገኛለን። የታችኛው የባልደረባውን ክብደት ማዘንበል በገላው ያነባል፤ በትከሻውም መንሸራተቻዋን አብሮ ይመራል። ስለዚህ ማየትና መሥራት አንድ አይደሉም። ሳያዩ በሌላው ዓይን ታምኖ ሰውነትን በልኩ ማዘዝ ራሱ ሥራ ነው፤ እኔ እንደማምነው ከሁሉ የከበደው ሥራ።

የእኛዋ ያየሽ ጌጤ ነገሩን ትገለብጠዋለች። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ ማየት በተሳናቸው የ1500 ሜትር ውድድር ወርቅ ስታገኝ ዓይን ሆኖላት አብሯት ከሚሮጠው አስሯጯ ጋር በአጭር ገመድ ተያይዛ ነበር። በእሷ ምድብ ሁሉም ሯጮች ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። የሚያየው አስሯጭ ግን የመጨረሻውን መስመር ቀድሟት እንዲያልፍ ሕጉ አይፈቅድም። የሚያይ ሁሉ መሪ ነው ማለት አይቻልም እንግዲህ፤ እዚህ የዓይን ባለቤት ተከታይ ነው፣ ፍጥነቱንም የምትወስነው እሷ ናት።

በዚያው ፓሪስ፣ በማራቶን፣ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ሦስተኛ ሆና ልትገባ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት አስሯጯን ጡንቻው ያዘውና ሊወድቅ ተንገዳገደ። ልትደግፈው ስትል ገመዱን ለቀቀች፤ ዳኞቹም ከውጤት ውጪ አደረጓት። ዳኛ በዓይን የሚታይ ምልክት እንደሚያስፈልገው እቀበላለሁ፤ ገመዱ ያለ ምክንያት አልታዘዘም፣ ማንም እንዳሻው ቢለቅ ውድድሩ ይፈርሳል። ነገር ግን ሕጉ ሁለቱን እንደ አንድ ሯጭ ከቆጠረ፣ የእሱ መንገዳገድ የእሷም መንገዳገድ ነው። የሚወድቀውን የራሷን ግማሽ መያዟ ጥምረቱን መጠበቅ እንጂ ማፍረስ አልነበረም። ገመዱ የተበጀው ለዚህ ጥምረት ሲባል ነው፤ ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ገመዱን ይዛ አስሯጯን ብትጥለው ኖሮ፣ ሕጉን ጠብቃ የሕጉን ምክንያት ትጥስ ነበር።