የፈሊጥ ዕዳ

ፈሊጥ ከሕዝብ ኑሮ ይወለዳል፤ ውሎ አድሮ ግን የወላጁ ማንነት ይረሳል። በሮቤ ገበያ አንዱ ሌላውን «የአዞ እንባህን ተው» ቢለው፣ በዚያ ደጋ ተናጋሪውም ሰሚውም አዞ አይተው ላያውቁ ይችላሉ። አዞ ሰው እየበላ ያለቅሳል የሚለው ጥንታዊ ወሬ በ14ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው የማንዴቪል የጉዞ መጽሐፍ አማካይነት በአውሮፓ ተስፋፍቶ፣ በእንግሊዝኛም ፈሊጥ ሆኖ ቀረ። ያልታየ ነገር አውሬውን ለዘለዓለም ግብዝ አሰኘው። እንግዲህ የሚናገሩትን ቃል ምንጭ አለማወቅ ከኃላፊነት ነጻ ያወጣልን?

ከጎባ በላይ በሳነቴ አምባ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ የባሌ ኦሮሞ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ ማለትም የፈረስ ቀበሮ፣ ይለዋል። የዘወትር ምግቡ አይጥና ፍልፈል ቢሆንም፣ ልትወልድ የተቃረበችን ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ይጠብቃል ስለሚባል ነው። ይህን ስም ያወጣው እረኛ በአውሬው ላይ አልፈረደም፤ ያየውን ተናገረ እንጂ።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ወደ ሰው ሲመጣ ነው። ሊቃውንት የቅኔን ድርብ ምሥጢር «ሰምና ወርቅ» ያሉት ቃሉን ከአንጥረኛ ቤት ተበድረው ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም በስፍራው ይፈስሳል። ኅብረተሰቡ ለጥበቡ እጅግ የከበረውን ስም ከዚህ እጅ ተቀበለ፤ ለባለ እጁ የመለሰለት ግን «ቡዳ» የሚል ስድብ ነበር። በኦሮሞም ዘንድ «ቱምቱ» የተባለው ቀጥቃጭ ለገበሬው ማረሻ እየሠራ፣ በብዙ ስፍራ ከጋብቻ ተገልሎ ኖሯል።

«የቃል ትርጉም በአጠቃቀሙ ነው፤ ጥንተ ነገሩ ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት አለው፤ ምንጩን ያላወቀ ሁሉ በደለኛ አይባልም። ነገር ግን አለማወቅ ይቅርታ የሚሆነው እስኪያውቁ ድረስ ብቻ ነው። ስድቡ የማን ልጅ ከማን ማዕድ እንዳራቀ የተረዳ ሰው ቃሉን እንደ ዋዛ ሊወረውረው አይገባም።

ይህ ማለት ፈሊጥን ሁሉ መመርመሪያ ሸንጎ ፊት ማቆም አይደለም። «ሰምና ወርቅ» ይኑር፤ «ቡዳ» ይቅር። የመጀመሪያው ብድር ነው፤ የሚከፈለውም አበዳሪውን በክብር በመጥራት ነው። ሁለተኛው ግን ቅሚያ ነው፤ የተቀማው ክብር ደግሞ ለባለቤቱ መመለስ አለበት።