በሽታን መለየትና በሽተኛን መለየት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ወረርሽኝ በአገር ላይ በወረደ ጊዜ መንግሥትም ሐኪምም የሚጨነቁበት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ አዲሱን በሽታ ለመከላከል ሲባል በሌላ ደዌ የሚሠቃየውን ሰው «ቆይ፤ ተራህ አልደረሰም» ማለት ተገቢ ነውን? የሚል ነው።

ጥያቄው ለክርክር ያህል የተነሣ አይደለም። የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተለየ፤ የሚሊኒየም አዳራሽም የሕክምና ማዕከል ሆነ። ይህ መደረግ የሚገባው ነበር፤ ተላላፊ በሽታ ካልተለየ ሐኪሙንም አስታማሚውንም ይይዛልና። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ምጧን፥ የስኳር ሕመምተኛም መርፌውን «ወረርሽኙ እስኪያልፍ» ብለው ሊያቆዩት አይችሉም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንደ ተለመደው ሥርዓት ስድስት ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ ከተቋረጠ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ሳሉም ከኮሮና ሳል ጋር ይመሳሰላል። እንግዲህ እየሳለ የመጣን ሰው ስለ አንዱ በሽታ ብቻ መርምሮ ማሰናበት የግማሽ ሥራ ነው።

አንዳንዶች «አልጋውም ሐኪሙም ጥቂት ነው፤ ሁሉን ልያዝ ያለ ሁሉን ያጣል» ይላሉ። ነገሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በሽታን መለየትና በሽተኛን መለየት አንድ አይደሉም። ትኩሳትና ሳል ያለበትን ከበር ላይ ለይቶ በሌላ መንገድ ማስገባት በሽታን መለየት ነው። ለኤች አይ ቪ ሕሙማን የብዙ ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት፥ እናቲቱ ለክትትል በመጣችበት ቀን ልጇንም መከተብ፥ አልጋ የሚሻ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ምልልስንና መጨናነቅን ይቀንሳል። ስለዚህ አገልግሎትን ማቀናጀት ለድሀ አገር ቅንጦት ሳይሆን ቁጠባ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ አጠገብ ያሠራው ቤት ለድሀው፥ ለእንግዳው፥ ለሕመምተኛውና ለለምጻሙ መጠጊያ ነበር። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ለምጻም እርሱ ከእንክብካቤው አልለየውም።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሚያገለግሉት እኅቶቻችን የክትባቱን፥ የእናቶችን ክትትልና የወባን መከላከል ሥራ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ ያም ይታከልባቸዋል። ማቀናጀት ማለት የሁሉን ሸክም በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ መጫን ከሆነ፥ ለበሽተኛው ያዘንን መስለን አገልጋይቱን በደልን ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለምን? የደከመውን ጎረቤት መድኃኒት ማምጣት፥ ለብቻው የተቀመጠውን በር ላይ ስንቅ ማድረስ የእኛ የወጣቶች ድርሻ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን የገለጠው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ጥያቄው ግን አላበቃም። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ቁስሉን አስሮ ብቻ አልተወውም፤ በከብቱ ጭኖ ወደ ማደሪያ አደረሰው፤ ለሚቀጥለውም ቀን ወጪ ሰጠ። እኛም ለሚመጣው መከራ ስንዘጋጅ ቁስሉን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን እንድናይ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።