ሁለት ቁጥር

«ሁለት ቁጥር አልኩህ እኮ!»

«በሁለት ነው የቆረጥኩልዎ፣ ጋሼ!»

ሰሞኑን አዲስ አበባ፣ አንድ ጸጉር ቤት ተራ ስጠብቅ የሰማሁት ጠብ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ማሽኑ ላይ የሚገጠመው ሁለት ቁጥር 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ጸጉር ያስቀራል። ሆኖም ማሽኑ ጸጉሩ ወደተኛበት ሲነዳና ሽቅብ ሲነዳ የሚቀረው እኩል አይደለም፤ ሽቅቡ ያሳጥራል። ቁጥሩ ተከበረ፣ ሰውየው ግን ተከፉ።

ታዲያ የታዘዘ ሰው ግዴታው የተባለውን ማድረግ ነው ወይስ የተፈለገውን? ልቤ ወደ ቆራጩ ያደላል። ያልተነገረህን ፍላጎት አላሟላህም ተብሎ መወቀስ ግፍ ነው።

«ስልክ ባለበት ዘመን ምን ያጨቃጭቃል? ፎቶ ማሳየት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው፤ መስማት ለተሳነው ወይም ለቋንቋው እንግዳ ለሆነ ሰው ፎቶ ትልቅ ባለውለታ ነው። ግን ፎቶው ላይ ያለው የሌላ ሰው ራስ ነው። የግንባሩ መስመር፣ የጸጉሩ ጥቅልል፣ የራሱ ቅርጽ አብረው ተነሥተዋል። የተጠቀለለ ጸጉር ሲሳብ ይረዝማል፣ ሲለቀቅ ያጥራል፤ ስለዚህ ያንኑ ከፍታ ለማምጣት አንዱ ራስ ከሌላው የበለጠ ርዝመት ይፈልጋል። ደግሞስ የተፈለገው በጎን በኩል ወደ ታች እያጠረ የሚሄደው ፌድ ነው ወይስ ከላይ የቀረው? ፎቶው አይናገርም፤ መፍታቱ ዞሮ ዞሮ የቆራጩ ሥራ ነው። አንዳንዱማ የሚያሳየው ጸጉር ሳይሆን መልክ ነው፤ እሱን ደግሞ ማሽን አይሰጥም።

ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በቃል ዘርዝሮ እንደማይጨርሰው ተከራክሯል። የእኔ ጭንቀት ግን ከዚያም ይብሳል። ደንበኛው መናገር ብቻ አይደለም ያቃተው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈልገውን የሚያውቀው ካየው በኋላ ነው። ገና ያልነበረን ፍላጎት ማን ሊያሟላ ይችላል?

እዚህ ላይ ቆራጩ ነጻ ወጣ ልል ነበር። የሚይዘኝ የደንበኛው ይሉኝታ ነው። ሥራው ሲያልቅ መስታወት ከኋላ ይያዝና «እንዴት ነው?» ይባላል። ደንበኛው «አሪፍ ነው» ብሎ ከፍሎ ይወጣል፤ ከዚያ ኮፍያ ይፈልጋል። ከእጅ ካመለጠ በኋላ የሚሰጥ እንዲህ ያለ እሺታ ስምምነት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ስለዚህ ጥብቅናዬ ጠበበ፦ ቆራጩ ባለማወቁ አይወቀስም፣ ዘግይቶ በመጠየቁ ግን ይወቀሳል። የረዘመውን ማሳጠር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ያጠረው ግን በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ወንድሜ ቆራጭ፣ ረዘም ካለው ቁጥር ጀምርና አንዱን ጎን አሳይተህ ጠይቅ። አንተም ወንበሩ ላይ የተቀመጥኸው፣ ይሉኝታህን ለሌላ ቦታ አቆይተህ ያኔውኑ ተናገር።