የውሸት ወጥ፣ የእውነት ጭቃ

ሕፃን ልጅ ጭቃ ሲያቦካ ስናይ «ተው!» የምንለው ስለ ምን ነው? ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱም በእጃችን ያለ ይመስለናል። ልብሱ ይቆሽሻል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ያመዋል፣ በቃ። ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው ግን ከዚያች ከ«ተው» ጀርባ ስለ ሥራ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ሰው ክብር ያለን አስተሳሰብ ሁሉ ተሰልፎ እናገኘዋለን። ይህን ገጽ የገለጠ ወንድማችን ወይም እኅታችን «ፈተና ደርሶ እናንተ ስለ ጭቃ ታወራላችሁ?» ይለን ይሆናል። አዎን፣ ስለ ጭቃ ነው የምናወራው።

ዕቃቃን የማያውቅ አንባቢ ያለን አይመስለንም። ሦስት ድንጋይ ጉልቻ ይሆናል። ቆርኪ ሳሕን ነው፣ ባዶ ጣሳ ድስት፣ የተገኘው ቅጠል ጎመን፣ የተፈጨ የሸክላ ስባሪ በርበሬ። ጭቃው ደግሞ እንደ ውፍረቱ ሊጥም፣ ወጥም፣ እንጀራም ይሆናል። አንዷ እናት ትሆናለች፤ አንዱ አባት ሆኖ ከአጥሩ ጥግ «ከሥራ» ይመጣል፤ ትንሹ፣ ወደደም ጠላም፣ ልጅ ይሆናል። በሌላውም ዓለም ይህን ያሰቡበት አሉ። ራሔልና ማርጋሬት ማክሚላን የተባሉ እኅትማማቾች በ1914 እ.ኤ.አ. ዴፕትፎርድ በተባለው የለንደን የድሆች ሠፈር ልጆች ደጅ የሚውሉበት የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፍተዋል። ዛሬም በብዙ አገር የሕፃናት መዋያ ጓሮ አሮጌ ድስት፣ ጭልፋና ባልዲ ተደርድሮ «የጭቃ ማድ ቤት» ይባላል፤ በሰሜን አውሮፓም ልጆቹ ወፍራም ልብስና ቦቲ ተጫምተው በዝናቡም በበረዶውም ዓመቱን ሙሉ ደጅ ይጫወታሉ። እኛ ዘንድ መደርደሪያውን የሠራልን አልነበረም እንጂ ማድ ቤቱስ ነበረ።

እስቲ ቃሉን እንየው። ልጆቹ ለዚህ ሁሉ ያላቸው ቃል «የውሸት» የሚለው ነው። «የውሸት ወጥ ነው፣ እንዳትበላው!» ይባባላሉ። ውሸት ግን የሚታለል ሰው ይፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ የሚታለል የለም። ጭቃ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ወጥ ነው ብሎም ሁሉም ተስማምቷል። ከመካከላቸው አንዱ የእውነት ቢጎርሰው ይሥቁበታል፤ «ይኼ እኮ ጭቃ ነው» ብሎ እምቢ የሚለውንም ከጨዋታው ያስወጡታል። ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው፤ አንዱ ጭቃነቱን ስለረሳ፣ ሌላው ወጥነቱን ስለካደ። የአራት ዓመት ልጅ እነዚህን ሁለት እውነቶች በአንድ እጁ ይዞ ሳይምታታበት መዋሉ እኛን ያስደንቀናል። በሃያ ዓመታችን ልብ ወለድ አንብበን «ይህ በርግጥ ሆኗል?» ብለን የምንሟገት ሰዎች ነን እኮ!

የጭቃ ጨዋታ ጠበቆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ክርክር «ይጠቅማል» የሚል ነው። ማስረጃም አላቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የፊንላንድ ጥናት የከተማ መዋያዎችን ግቢ የደን አፈርና ሣር አልብሶ፣ ልጆቹ በዚያ ላይ ሲጫወቱ ከ28 ቀን በኋላ በቆዳቸው ላይ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ዓይነታቸው እንደበዛ፣ በደማቸውም ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዙ ምልክቶች እንደተለወጡ አሳይቷል። የተመረመሩት 75 ልጆች ብቻ ስለሆኑ ብዙ አንፎክርበትም። ፕላቶም «ሕግጋት» በተባለው መጽሐፉ ወደ ፊት ግንበኛ የሚሆነው ልጅ ቤት መሥራትን እየተጫወተ ይደግ የሚል አሳብ አለው። ማለትም ጨዋታው የሥራ መለማመጃ ነው።

ይህን ክርክር እንጠረጥረዋለን። ስለ ምን? ነገ አንድ ፋብሪካ የጭቃውን ጥቅም ሁሉ በክኒን አድርጎ ቢሸጥልን፣ ጭቃው ይቅር ልንል ነው ማለት ነው? ልጁን ክኒኑን አውጠን ቤት ውስጥ ብንዘጋበት ያጣው ነገር የለም? ማንኛችንም እንዲህ አንልም። እንግዲያውስ እውነተኛው ምክንያታችን ጥቅሙ አልነበረም። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ አገራችንም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት ሲያደርግ «የሚጠቅም ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስገባበትም።

አሁን ወደሚያመው ቦታ እንሂድ። «አቦካ» የሚለው ግሥ በአማርኛችን ለሊጥም ለጭቃም አንድ ነው። ሴት ልጅ በአምስት ዓመቷ ጭቃ ታቦካለች፤ በስምንት ዓመቷ፣ በብዙ ቤት፣ ሊጡን ታቦካለች። የእጇ እንቅስቃሴ አልተለወጠም። ምኑ ነው ታዲያ የተለወጠው? የዕቃቃዋ እናት ስትሰለች «አልጫወትም!» ብላ ድስቱን ደፍታ መሄድ ትችላለች፤ ጓደኞቿም ያኮርፉ ይሆናል እንጂ የሚያስገድዳት የለም። ሊጡን ግን «አላቦካም» የምትልበት አፍ የላትም። እኛ እንደሚመስለን በጨዋታና በሥራ መካከል ያለው ድንበር ይህ ነው፤ ጥለውት ለመሄድ መቻል። ድንበሩም ለወንዱና ለሴቷ በአንድ ቀን አይዘጋም። ወንድሟ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ኳስ ሲያባርር እሷን «አንቺ ልጅ፣ ነይ ወደ ጓዳ!» የሚል ድምፅ ከዕቃቃው መሐል ይጠራታል። «ዕቃቃ ለሴት ልጅ ጥሩ መለማመጃ ነው» የሚለውን ምስጋና በጥርጣሬ የምንሰማውም ለዚህ ነው። ፕላቶ ስለ ግንበኛው የተናገረው በእሷ ላይ ሲደርስ ምርጫ መሆኑ ይቀራል።

ሌላም አለ። ጭቃን የምንንቀው ስለሚያቆሽሽ ብቻ ነው እንዴ? ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን በሙያው ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። የምንጠጣው ቡና የፈላው በሸክላ ሠሪዋ ጀበና ነው፤ እንጀራችን የተጋገረው በእሷ ምጣድ ነው፤ ደግሞም ዞረን «ቡዳ ነች» እንላታለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ጭቃ ጠፍጥፎ ትንሽ ድስት የሠራውን ልጅ «ሸክላ ሠሪ ልትሆን ነው?» ብሎ የሚቆጣ አባት ስለ ተሕዋስያን እያሰበ አይደለም። ሜሪ ዳግላስ የተባለችው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ቆሻሻ ማለት ያለቦታው የተገኘ ነገር ነው የሚለውን አሳብ አስፍታ ተከራክራበታለች። በእኛ አገር ግን ያለቦታው ተገኘ የሚባለው ነገር ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭምር ነበር።

ይህን ስንል ጭቃው ንጹሕ ነው እያልን እንዳልሆነ ይታወቅልን። «የጭቃ ውስጥ እሾህ» ያሉት ወላጆቻችን በከንቱ አይደለም። የሕክምና ተማሪ የሆነው የዶርማችን ልጅ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አይቶ ዝም አላለንም፤ የወስፋት እንቁላል ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል፣ የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ቆዳ ሰብሮ ይገባል፣ ብሎ ዘረዘረልን። ከዚህም የባሰ አለ። በደጋውና በወይና ደጋው፣ ከእሳተ ገሞራ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የኖረ ሰው እግሩ ያብጣል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን ውስጥ ባደረገው ምርምር በሽታው ከትንኝ ሳይሆን ከአፈሩ ጋር እንደተያያዘ አሳየ። የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በቆዳ በኩል ገብቶ፣ በተፈጥሮው ለዚህ የተጋለጠውን ሰው የእግሩን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳል። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንደያዘው ይገመታል። በአንድ ክረምት ጨዋታ አይመጣም፤ የሚጀምረው ግን ከልጅነት ነው። መከላከያውም ጫማና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እንግዲህ ለአንዱ ልጅ ጭቃ ጨዋታ፣ ለሌላው በሽታ የሚሆነው በጭቃው ምክንያት አይደለም። የፊንላንዱ ልጅ ቦቲ አለው፤ ሲገባም ሙቅ ውኃ ይጠብቀዋል። የእኛው ኮንጎ ጫማ ካገኘ ዕድለኛ ነው። «ጭቃ አይንኩ» ብሎ መከልከል ለኅብረተሰቡ ከጫማ ይልቅ ይረክሳልና እንከለክላለን። በዜሮ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድረን ፊደል እናስጮሃቸዋለን፤ ፊደሉን አንቃወምም፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲሆን ነው እንጂ። በአዲስ አበባ ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ኮብልስቶን ነጥፎበት ጭቃው ራሱ ጠፋ። ለእናቶች ግልግል ነው፤ አይካድም።

«ዓመቱን ሙሉ» የሚለው ነገር ግን በእኛ አገር ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው የሰማይ ስጦታ ነው፤ ማንም አይከፍልበትም። በጥር ግን ጭቃ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃው ደግሞ እናት በጀርባዋ ያመጣችው ነው። ከጀሪካኑ አንድ ጣሳ ሰርቆ አፈር ላይ የደፋውን ልጅ ብትቆነጥጠው እንፈርድባታለን? እኛ አንፈርድባትም። አንዳንዷ እናት እጣቢውን ትሰጠዋለች፤ የሕክምና ተማሪያችን እጣቢውንም አልወደደውም። ልጆቹ ግን የራሳቸው መፍትሔ አላቸው። በየሠፈሩ ቦኖ ዙሪያ በበጋም የማይደርቅ፣ ከጀሪካን እየተረፈ የሚፈስ ውኃ የሚያበካው ቦታ አለ፤ በጥር ወር ዕቃቃ የሚታየው እዚያ ነው። ወረፋ የያዙት ሴቶች ያባርሯቸዋል፤ ልጆቹም ጥቂት ርቀው ቆመው ወረፋው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ።