የቀፈፍክበትን ደጅ አትለፈው

ልጄ፣

የላክህልኝን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመምህራችን የየኔታ ሰባተኛ ሙት ዓመት በጥር መጨረሻ ሊዘከር ነው። የድሮ ተማሪዎቻቸው ከያሉበት ተጠራርተው ቅዳሜንና እሁድን መንዝ ሊያሳልፉ ነው። አንተም ተጠርተሃል፤ ግን «ልሂድ ወይስ ልቅር» ስትል ሦስት ሳምንት አለፈህ። ምክንያትህንም አልደበቅከኝም። ዜማውን ከጾመ ድጓ አላሳለፍከውም፤ ቅኔውንም ሙሉ ቤት ሳትደርስ ጥለህ ወጣህ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ሒሳብ ሠራተኛ ነህ። እዚያ የሚሰበሰቡት ደግሞ መሪጌታዎች፣ የደብር አለቆች፣ ሰባኪዎች ናቸው። «ምን ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ?» ብለሃል።

ሂድ። ማፈርህ ደግ ነው፤ የምታፍርበት ፊት ግን የእነሱ አይደለም። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንተ ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፍልህ።

አዲስ አበባ አንድ ካቶሊክ ወዳጅ አለኝ። ልጅ ሳለ በካፑቺን አባቶች ዘርአ ክህነት ተምሮ፣ ሳይመነኩስ ወጥቶ መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የቀድሞ ተማሪዎች ሲገናኙ አስከትሎኝ ሄደ። ቅዳሜ ተሰበሰቡ፣ የመምህራኖቻቸው መቃብር ላይ ጸለዩ፣ ማታ እራት በልተው እስኪደክማቸው ተጨዋወቱ፣ እሁድ ቅዳሴ አስቀደሱ። ከመጡት መካከል ካህን የሆኑት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የቀሩት አንተን መሰሎች፣ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ሹፌር። ማንም ማንንም «አቋረጥክ» ሲል አልሰማሁም። ያ ነገር አስቀናኝ።

ካፑቺኖች የፍራንቸስኮስ ማኅበር አንዱ ቅርንጫፍ ናቸው። ለሸዋ እንግዳ አይደሉም፤ አቡነ ማስያስ የሚባሉት ጳጳስ ከእነሱ ወገን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1879 ሸዋ ሲቀመጡ ምኒልክ የተቀበሏቸው እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ልቼ ላይ ነው። ወዳጄ ያን ማታ ስለ ፍራንቸስኮስ ሲያጫውተኝ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ሳለ ሀብቱን ጥሎ በየደጁ እየለመነ ይበላ እንደነበር፣ ተከታዮቹንም ለሥራቸው ዋጋ ካላገኙ በየበሩ ለምኑ እንዳላቸው ነገረኝ። «ታዲያ ቆሎ ተማሪ ነበራ!» አልኩት። ሳቀ።

ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣልህ አለኝ። እነዚህ ሰዎች የሚመለሱበት ግቢ አላቸው። መዝገብ አላቸው፤ ማን በስንት ዓመት ገባ፣ የት ይተኛ ነበር፣ ተጽፏል። ልጅ ሳሉ ምግባቸው ከአንድ ማዕድ ቤት ይወጣ ነበር፤ ማዕድ ቤቱንም ሄደው አይተውታል። የእኛ ጉባኤ ቤትስ? የኔታ ያሉበት ሁሉ ትምህርት ቤት ነው፤ የኔታ ሲያልፉ ወንበሩን የሚተካ ካልተገኘ ጎጆዎቹ ይፈርሳሉ፣ ቦታው ይታረሳል። መዝገብ የለን፣ የምስክር ወረቀት የለን። ማዕድ ቤታችንስ የት ነው?

መንደሩ ነዋ።

እኔ ከግሼ ነው የመጣሁት። ግሼ ለመንዝ ጎረቤት ስለሆነ አባቴ ተከትሎ እንዳይመልሰኝ «ወሎዬ ነኝ» ብዬ ዋሽቼ ነበር፤ ስሜም እዚያው «ወሎዬው» ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያ ቀን ቀፈፋ ስወጣ አፌ ተሳሰረ። ደበሎዬን ለብሼ፣ አኩፋዳዬን አንጠልጥዬ፣ የውሻ ዱላዬን ይዤ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው የድንጋይ ቤት ደጅ ቆምኩ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት አቃተኝ። ውሻው ጮኸልኝ እንጂ እኔ አልጮኽኩም። ሴትዮዋ ወጣች፤ እጇ ሊጥ ነው። አየችኝና ተመልሳ ገባች። ከምጣዱ የወጣ የገብስ ቂጣ አምጥታ፣ ቀሚሷን ይዞ የሚያለቅሰው ልጇ ሳይቀምስ፣ ለእኔ ቆረሰችልኝ። እንፋሎቱ በአኩፋዳው ስፌት መሐል ሲወጣ ዛሬም ይታየኛል። «ነገ ጮክ ብለህ በል፤ ጓዳ ስሆን አልሰማህም» አለችኝ።

በልጉ የቀረበት ዓመት ደግሞ መጣ። እዚያ አገር በልግ ከቀረ ገብስ ቀረ ማለት ነው። በሯን ከፍታ ዝም ብላ ቆመች። «እግዜር ይስጥህ» ብላ ብታሰናብተኝ ማን ይፈርድባታል? ገብታ አንድ እፍኝ ባቄላ አመጣች፤ ጥሬውን። «ማገዶም የለኝ፤ እዚያው ቁሉት» አለች።

ጎጆውንም አስብ። በእኔ ጊዜ የጎጇችን ክዳን የጓሳ ሣር ነበር። ጓሳ ደግሞ እንደ ሜዳ ሣር የሄደ ሁሉ የሚያጭደው አልነበረም። ቄሮ በሚባለው የአገሩ ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ ሲከፈት የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ የሚል ባለ ርስት ነበር ገብቶ የሚያጭደው። ይህ ሁሉ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በፊት ነው። ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከጎጃም የመጣ ተማሪ ምን ድርሻ አለው? ከራሳችን በላይ የነበረው ሣር እንኳ አንድ ገበሬ ከድርሻው ቀንሶ የሰጠን ነው። ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ልጅ የበላውን እንጂ ከየት እንደመጣ አያስብም።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ የኔታ በሕይወት ሳሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰባሰብን። ኮሚቴ ነበረን፤ እኔም አባል ነበርኩ። ባነር አሠራን፣ ለቤተ ልሔሙ ቆርቆሮ ገዛን፣ የኔታን ካባ አለበስን። አንዱ የተማረ ጓደኛችን ተነሥቶ ስለ ዶናልድ ሌቪን ተናገረ፤ ያ አሜሪካዊ ምሁር መንዝን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ ከቅኔ ቤት ቃል ወስዶ «ሰምና ወርቅ» እንዳለው፣ ይህም ለእኛ ትልቅ ኩራት እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳ። ንግግሩ ደህና ነበር። እኔም አጨበጨብኩ። ከዳሱ ውጭ፣ ከካቡ ጥግ፣ የመንደሩ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ስለ ቂጣቸው አንድም ቃል አልተነሣም።

ያቺ ቂጣ የቆረሰችልኝ ሴትም እዚያ ነበረች አሉ። «ያ ወሎዬው ቀጭኑ ልጅ መጥቷል ይባላል፣ የትኛው ነው?» እያለች ስትጠይቅ ነበር አሉ። እኔ ወፍሬ፣ ካፖርት ለብሼ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። እንዴት ትለየኝ? ሲመሽ መኪና ውስጥ ገብተን ሄድን። ደጇን በመስኮት አየሁት፤ «በሚቀጥለው» አልኩ። ለየኔታ ሙት ዓመት ስንመለስ እሷ ከሞተች ቆይቷል። ቤቷ ሄጄ ለቅሶ ልድረስ ብዬ አስቤ ነበር፤ ዘግይቷል ብዬ አፈርኩና ተውኩት።

ስለዚህ አንተ ቅዳሜ ጠዋት ከተሰብሳቢው ቀድመህ ድረስ። በዋዜማው አርብ መሐል ሜዳ ብታድር ይሻላል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣርማ በር ደርሰህ ወደ ግራ ትታጠፍና በሞላሌ አድርገህ ትገባለህ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሣትህ በፊት እዚያ ያለ ሰው ጠይቅ፤ ዘመኑ ነው። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደህ ተሳለም፤ ቀጥለህ ወደ ዳሱ አትግባ። ወደ ደጆቹ ውረድ።

ስምህን ብትነግራቸው አያውቁህም። በዚያ አገር ተማሪን በአባቱ ስም ማን ይጠራዋል? «እማማ፣ መርሐቤቴው ነኝ፤ ቆላ ለምዶ ብርዱ የሚያስለቅሰው» በል። ያኔ ያስታውሱሃል፤ ይሳቁብህ። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ግን ሰው ፊት ብር በፖስታ አታውጣ፤ ያሳፍራቸዋል። ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ለእናቶቹ ነጠላ ይበቃል። መደቡ ላይ ተቀመጥ። ያቀረቡልህን ብላ፤ «ጾም ነኝ»፣ «ጨጓራ አለብኝ» የሚባል ነገር አይሠራም፤ የበላህበት ቤት ነው። ፎቶ አታንሣ፤ ቢያንስ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስልክህን ኪስህ ተወው። የሞተች ካለች ልጆቿን «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» በላቸው። ዐሥር ዓመት ቢያልፈውም ለቅሶ ነው። ይህን የምልህ ያልደረስኩበት ስለሆነ ነው።

ከዚያ ወደ ስብሰባው ግባ። መሪጌታዎቹን አትፍራቸው፤ ጥሬ ባቄላ አብረውህ የቆሉ ናቸው። እንደ ማዕረጋቸው ጥራቸው፤ ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ ግን የድሮ ቅጽል ስማቸውን ካላነሣህ እነሱም ቅር ይላቸዋል። ቅኔ ተናገር ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ «ረስቻለሁ» ብለህ አትሽሽ። መወድስ ማን ጠየቀህ? ስምንት ቤት ነው፤ ይቅርብህ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ ከአሁን እስከ ጥር ሁለት ቤት መቁጠር አያቅትህም። ምሳ ሰዓት ላይ ከሒሳብ መዝገብህ ቀና ብለህ ቁጠር። የድሮህን ይዘህ እንዳትሄድ ግን፤ ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም፣ ያውቁብሃል። አዲሷን ስትናገር ወርቁን ያጣጥሉታል፣ «እዚህ ላይ ቤቱ ሰበረ» ይሉሃል፣ እንደ ልጅነትህ ያርሙሃል። ሂድ የምልህ ለእሱም ነው። ዐዋቂ ሰው ከሆንክ ወዲህ እየሳቀ ያረመህ ማን አለ?

ገንዘብ መዋጣቱ አይቀርም። ቲሸርት አሳትመን እንልበስ የሚል ይነሣል፤ አልቃወምም፣ ልጆች ይደሰቱበታል። የቆርቆሮ ጉዳይም ይነሣል። አንተ የሒሳብ ሰው ነህና አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ ዛሬ ወንበሩ ላይ ያሉት መምህር ስንት ተማሪ አላቸው፣ ማታ ምን ለብሰው ይተኛሉ? በእኛ ጊዜ ለሦስት አንድ ባና ነበረን፤ መካከል የተኛው ንጉሥ ነው። የመንደሩ ወጣት ወደ ከተማ እየወረደ፣ ደጁ እየሳሳ መሆኑን ከዚያ የሚመጡ ይነግሩኛል። መምህሩን ለብቻቸው ጠይቃቸው፤ ዳስ ውስጥ ብትጠይቃቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለም» ነው የሚሉህ። ብርድ ልብስና የእከክ መድኃኒት ባነር ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ ኮሚቴ ይረሳዋል። አንተ አትርሳው። የሚተርፍ ብር ካለ ደግሞ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለመንደሩ እናቶች በግ ይታረድ፤ እነሱ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው፣ መሪጌታዎቹ ቆመው ያስተናግዱ። ሐሳቡ የእኔ ነው በላቸው፤ የሚቆጣ ካለ እኔን ይቆጣ።

እኔ ዘንድሮ አልመጣም። ጉልበቴ ያንን ቁልቁለት አይችልም፤ የጥርም ውርጭ አጥንት ይሰብራል፤ አንተም ወፍራም ካፖርት ያዝ። አንድ ነገር ግን በእኔ ፈንታ አድርግልኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከኮሶው ዛፍ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ቤት ታውቀዋለህ። ያ ቀሚሷን ይዞ ያለቅስ የነበረው ልጅ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፤ እዚያው ቤት ነው ያለው ይላሉ። «ወሎዬው ልኮኝ ነው፤ ለቅሶ ልደርስለት መጣሁ» በለው። ወሎዬ አለመሆኔንም ንገረው።